በቃኝ የማይታመንበት ቤት

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ ቀረብ በሉ። ዛሬ ጮክ ብዬ የምናገርበት ጉልበት የለኝም። ተረት ሲባል «የላም በረት» ብላችሁ ልትመልሱ አፋችሁን ያሰናዳችሁ ካላችሁ ተዉት፤ ላሟም በረቷም ዛሬ ይረፉ። የዛሬው ተረት የባሕር ነው። ባሕሩም ትልቅ አይደለም፣ ሳሎን ቤት ቡፌ ላይ የተቀመጠ ባሕር ነው።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳ ሁሉ አፍ፣ ዕቃ ሁሉ ምላስ በነበረው ጊዜ፣ በድሬዳዋ ከተማ ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ድሮ ስላችሁ በጣም ድሮ አይምሰላችሁ፤ መብራትም ነበር፣ ባቡርም ነበር። ደብሪቱ በሰፈሩ የታወቀችው በአንድ ነገር ነው፤ ከቤቷ ሳይጠግብ የወጣ ሰው የለም። ከልክ በላይ ጠግቦ የወጣ ግን ብዙ ነው። አንድ ጊዜ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሰውዬ ከማዕዷ ተነሥቶ፣ የቀረውን ሰፈር ሳያነብ እበሯ ጥላ ሥር ተኝቶ ዋለ ይባላል።

ደብሪቱ «በቃኝ» ያላትን ሰው አታምንም ነበር። አትፍረዱባት፤ በዚያ አገር በመጀመሪያው «በቃኝ» የሚያምን ባለቤት ንፉግ ይባላል፣ በመጀመሪያው ጥሪ እጁን የሚሰድ እንግዳም ስግብግብ ይባላል። እንግዳ ሦስት ጊዜ እምቢ ይላል፣ ባለቤት አራት ጊዜ በሞቴ ይላል። ሁለቱም የሚከበሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ባሏ ቢራራ መርከበኛ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ባሕሩ ናፈቀውና ትልቅ የመስታወት ሣጥን አሠርቶ፣ ጨዋማ ውሃ ሞልቶ ሳሎን አስቀመጠ። ከጅቡቲም በባቡር፣ በባልዲ ውስጥ አድርጎ፣ አንዲት ኮራል ይዞ መጣ። ኮራል ምንድን ነው ለምትሉ፣ ከሩቅ ሲያዩት ድንጋይ ነው፣ ቀረብ ሲሉ ቅርንጫፍ ነው፣ ይበልጥ ቀረብ ሲሉ ደግሞ ቅርንጫፉ ሁሉ አፍ ነው። አንዱ አፍ የመርፌ ቀዳዳ አያህልም፣ ነገር ግን በመቶ ይቆጠራል። ይህች ኮራል አምስት ቅርንጫፎች ነበሯት፤ ቀለሟም የበሰለ ሮማን ይመስል ነበር። ቢራራ ሊሞት ሲል የደብሪቱን እጅ ይዞ «ይህችን እንግዳ አደራ» አላት። ስለ አመጋገቧም የነገራት ነገር ነበር፤ እሷ ግን እያለቀሰች ስለነበር የሰማችው አደራውን ብቻ ነው።

ከኮራሏ ድንጋይ ሥር ተጣብቆ፣ ማንም ሳይጠራው የመጣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ነበር። አያ ቀንድ አውጣ ይባላል። ምላሱ ሞረድ ነው። መስታወቱ ላይ የሚበቅለውን፣ አልጌ የሚባለውን አረንጓዴ ጸጉር እየሞረደ ይበላል፤ ሥራውም ቀለቡም ይኸው ነው። በቢራራ ጊዜ ጠዋት ይጀምርና እኩለ ቀን ላይ ይጨርስ ነበር። ከዚያ በኋላ ከእመት ኮራል ሥር ጋደም ብሎ የአገራቸውን የባሕር ወሬ ሲያወሩ ይመሽ ነበር። የምነግራችሁ የእሱን ነገር ነው። ደክሞት ነበር፤ ከዚህ ተረት መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ደክሞት ነበር፣ ይህን ከረሳችሁ ነገሩ አይገባችሁም።

ሌሎች ሁለት ነዋሪዎችም ነበሩ። አንዱ ብርቱካን የመሰለው፣ ነጭ መቀነት የታጠቀው አያ ዓሦ ነው፤ እሱ ጠገብኩ ብሎ የማያውቅ ፍጡር ነው። ሌላው ጋሽ አረፋ የሚሉት መሣሪያ ነው። ጋሽ አረፋ ቀኑን ሙሉ ውሃውን አረፋ እያደረገ፣ እድፉን አናቱ ላይ ባለው ኩባያ ይሰበስባል። ሲሠራም ያጉረመርማል፣ ሳይሠራም ያጉረመርማል።

ቢራራ ከተቀበረ በኋላ የኮራሏ ምግብ በደብሪቱ እጅ ገባ። ምግቡ ከባሕር ደቃቅ ፍጥረታት የተፈጨ ዱቄት ነው። በውሃ ይበጠበጥና መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ከኮራሏ አፎች ፊት ቀስ ተብሎ ይረጫል። ደብሪቱ ሲሪንጁን አገላብጣ አየችና ደስ አላት። ከባሏ ሞት ወዲህ ደስ ሲላት ያ የመጀመሪያው ነበር። «ይሄማ ጉርሻ ነው» አለች።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ሲሪንጅ ሙሉ አጎረሰቻት። እመት ኮራል አፎቿን ከፍታ ተቀበለች፣ አመሰገነች፣ በቃኝም አለች። ደብሪቱ ፈገግ አለች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛ አስከተለች፤ ሁለት ላይ መቆም ደግሞ ልብ አያደርስምና ሦስተኛ ደገመች። በማግሥቱ እመት ኮራል ከመጀመሪያው ጉርሻ በኋላ እውነቷን እንደሆነ፣ በእግዜር ስም እንደጠገበች አስረድታ ተናገረች። ደብሪቱ አፍራ ነው ብላ፣ ይህ ቤትሽ ነው ብላ፣ በሞቴ ብላ ሦስቱንም ጉርሻ ሰጠቻት። በሦስተኛው ቀን እመት ኮራል ምንም አልተናገረችም። መቶውንም አፏን ዘግታ፣ ገላዋን ወደ ድንጋዩ ሰብስባ ቁጭ አለች።

ጨዋ ቤት ያደገ እንግዳ ከዚህ በላይ ምን ሊያደርግ ይችላል? ደብሪቱ ግን ደነገጠች። እንግዳዬ ተቀየመች አለች። የተቀየመችውም ምግቡ አንድ ዓይነት ስለሆነባት ነው ብላ አሰበችና ከማግሥቱ ጀምሮ ዱቄቱ ላይ ሽሪምፕ የሚባለውን ትንሽ የባሕር ፍጥረት ፈጭታ ጨመረችበት።

በዚህ መካከል አያ ዓሦ መስታወቱ ዳር ቀርቦ ጅራቱን እያወዛወዘ አዛኝ መሰለ። እመት ኮራል ብቸኝነት ይዟት እንጂ ምግቡን ጠልታ እንዳልሆነ፣ እሱ እንደሚያግባባት፣ ደብሪቱ ብቻ እንዳትቀንስ መከራት። ደብሪቱም እንዲህ ያለ አስተዋይ ዓሣ አይታ እንደማታውቅ ለጎረቤቶቿ አወራች። ኮራሏ ያልበላችውን የሚበላው እሱ ነበር። ዓሣ የበላው ደግሞ ዓሣ ሆድ ውስጥ አይቀርም፤ እዚያው ውሃ ውስጥ ይወጣል። ከዚህ በላይ አላብራራላችሁም፣ የበላችሁ ትኖራላችሁ።

ትልቁ ባሕር እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም። አንድ ጉርሻ ቢወድቅበት የሚሻማው እልፍ ነው፣ የተረፈውንም ማዕበል ይወስደዋል። የመስታወት ባሕር ግን በር የለውም። የገባው ሁሉ እዚያው ነው፤ ፍርፋሪውም፣ የዓሣው ትርፍራፊም ሟሙቶ ውሃው ውስጥ ይቀመጣል። ዓይን አያየውም። አያ ቀንድ አውጣ ግን ምላሱ ላይ ይሰማው ነበር። ውሃው ራሱ ከልክ በላይ ጠግቦ ነበር።

ከዚያ አልጌው መጣ። መጀመሪያ መስታወቱን፣ ቀጥሎ አሸዋውን ያዘ፤ በመጨረሻም የእመት ኮራልን እግር ጀመረ። አያ ቀንድ አውጣ ጠዋት ተነሥቶ በስተቀኝ ያለውን ይሞርዳል፤ ወደ ግራ ሲዞር በቀኙ ያጸዳው በቅሎ ይጠብቀዋል። ምሳ አይል፣ ወሬ አይል፣ ሞረዱ ምላሱ እስኪላጥ ድረስ ይሠራል። አንድ ቀን አልጌውን እስከ መቼ እንደሚያሠቃየው ጠየቀው። አልጌውም ሳይቆጣ መለሰለት። «እኔን ምን ታደርገኛለህ፣ አያ ቀንድ አውጣ? እኔ ድግስ ያለበት ቤት እሄዳለሁ። የጠራችኝ እሷ ናት» አለው።

ጋሽ አረፋም ኩባያው በቀን ሦስት ጊዜ እየሞላ በአፍ በአፉ ይገነፍል ጀመር። ወገቤ ተቆረጠ ይላል፣ በቢራራ ጊዜ በሳምንት አንድ ጊዜ ነበር የምደፋው ይላል። የሚሰማው የለም። እመት ኮራልም በየቀኑ የማትፈልገውን ምግብ በዝልግልግ ጠቅልላ ስትተፋ ትውላለች። ከሥሯ የሚወጣው አረንጓዴ ጸጉር ከለላት፣ ብርሃንም አነሳት። የሮማን ቀለሟ ጠቆረ።

አንድ ጠዋት አያ ቀንድ አውጣን ጠራችው። «አንተ መራመድ ትችላለህ፣ እኔ የድንጋይ ቁራኛ ነኝ። እንግዳ ስለ ራሱ ሲናገር ይሉኝታ ነው ይባላል፤ ሌላ ሲናገርለት ግን ይታመናል። ውጣና ‹ትንሽ ይቀንሱልን› በልልኝ። ቅር እንዳይላት ብቻ ተጠንቀቅ፤ የሰው ምግብ አይነቀፍም» አለችው።

አያ ቀንድ አውጣ እሺ ብሎ መስታወቱን መውጣት ጀመረ። በመንገዱ ላይ ቃሉን ደጋግሞ አጠናው። እግዜር ይስጥልን እላለሁ፣ እጅዎ ይባረክ እላለሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው ትንሽ ይቀንሱልን የምለው እያለ ወጣ። ከውሃው በላይ ያለው የመስታወት ጠርዝ ላይ ሲደርስ ቀትር ሆኗል። ደብሪቱም በዚያው ሰዓት ሲሪንጁን ሞልታ መጣች። የዚያን ቀን ጠዋት ሦስቴ ያጎረሰች ሴት አሁን ደግሞ ለምሳ መምጣቷ ነው።

አያ ቀንድ አውጣ የመጣበትን መንገድ ዞር ብሎ አየ። ንጋት ላይ ያጸዳው ሁሉ አረንጓዴ ሆኗል። ዕድሜውን ሁሉ፣ ምላሱን፣ ያጣውን የከሰዓት ወሬ አሰበ። በዚያች ቅጽበት ያጠናው ቃል ጠፋውና ድካሙ ተናገረ።

«እትዬ ደብሪቱ፣ ከእንግዲህ ምንም አንፈልግም። ምግብዎ ነው የገደለን» አለ።

እንደተናገረ ጸጸተው። ነገር ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ደብሪቱ ሲሪንጁን እንደያዘች ቆማ ቀረች። በሕይወቷ ብዙ ክፉ ነገር ተብላ ታውቃለች፤ ምግብሽ ገደለን ያላት ግን ማንም አልነበረም። ዓይኗ እንባ ሞላ። ተቀምጣ አለቀሰች፣ ከዚያም ተቆጣች፣ ከዚያም ተነሣች። «እሺ» አለች፣ «ይጹሙ።»

ደብሪቱ ግማሽ ነገር አታውቅም። ሲሪንጁን አጥባ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። ከቢራራ ዕቃ መካከልም ጥቁር ጠጠር የሞላባቸው ትንንሽ ከረጢቶች አወጣች። ይህ ጥቁር ጠጠር ውሃ ውስጥ የሟሟ ምግብ ሁሉ የሚጠጣ ነው፤ አንድ ከረጢት በበቃ ነበር፣ እሷ ሦስት ጨመረች። ጋሽ አረፋንም እስከ መጨረሻው ከፍታ አስሮጠችው። እንደ ሁዳዴ ያለ ጾም የመስታወቱ ባሕር ላይ ታወጀ፤ የሁዳዴ ጾም ግን ማታ ማታ ይፈታል፣ ይህኛው ማታም የለው።

በመጀመሪያው ሳምንት አልጌው ገረጣና ረገፈ። በሁለተኛው ሳምንት መስታወቱ ጠራ። አያ ቀንድ አውጣ ከቢራራ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋደም አለ። ሦስት ቀን ሙሉ ተኛ። ሲነቃ እመት ኮራል ምን ብለህ ብትነግራት ነው ብላ ጠየቀችው፤ ያልሽውን ነው የነገርኳት አለ። መዋሸቱ ቅር አላለውም፣ ዕረፍቱ ጣፍጦት ነበር።

ጎረቤቶች እየመጡ ውሃውን አደነቁ። በመስታወቱ ውስጥ ያለው ውሃ ሳይሆን ባዶ አየር ይመስላል አሉ። የእመት ኮራልም ቀለም ከጠቆረ ሮማን ወደ ወተት ሻይ ሲለወጥ ደብሪቱ ጾሙ ፊቷን አፈካው አለች። ጎረቤቶቹም እውነትም ፈክታለች አሉ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ። ባዶ ድስትም እኮ ንጹሕ ነው፤ አያ ቀንድ አውጣ ይህን ያሰበው በሦስተኛው ሳምንት፣ መስታወቱን ከዳር እስከ ዳር ልሶ አንዲት ሳር ሲያጣ ነው።

ለካ የሚያደክመው አልጌ ቀለቡ ነበር። ሲጠላው የኖረው ነገር እንጀራው እንደነበር ያን ጊዜ ገባው። በአራተኛው ሳምንት ደግሞ ሌላ ነገር አየ። ከእመት ኮራል አምስት ቅርንጫፎች አንዱ ነጭ ሆኗል፤ የፈካ ነጭ ሳይሆን የአጥንት ነጭ። አፎቹም የሉም። በሳምንቱ ሁለተኛው ቅርንጫፍ ተከተለ። አያ ቀንድ አውጣ በጣም ፈራ። ቢራራ አደራ ያለው እሷን ነበር፣ እሱም በዚያ ባሕር ውስጥ ከእሷ ሌላ የሚያወራው ሰው የለውም።

መጀመሪያ ወደ ራሷ ሄደ። ርቦሻል፣ ንገሪያት አላት። እመት ኮራል በቀሩት አፎቿ ቀስ ብላ መለሰች።

«ስታጎርሰኝ በቃኝ ስል ነበር። ዛሬ በየትኛው አፌ ራበኝ እላለሁ? እንግዳ ለምኖ አይበላም። ዝም አይነቅዝም።»

«ዝም አይነቅዝም» አለ አያ ቀንድ አውጣ፣ «ዝም ያለው ግን ይሞታል። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለም?»

«ደጃዝማች መሆን አልፈልግም» አለችው። ከዚያ በላይ ለመናገር አቅም አልነበራትም።

ቀጥሎ ወደ አያ ዓሦ ሄደ። አያ ዓሦ ከስቶ መቀነቱ ሰፍቶት ነበር። ለዓሣ ተብሎ በሳምንት አንዴ ከሚበተንለት ጥቂት ፍርፋሪ በቀር ምንም አላገኘም። መስታወቱ ዳር ቆሞ ቀኑን ሙሉ እንደሚወዛወዝ፣ ደብሪቱ ግን ይህ ስግብግብ ዛሬም አልተወውም ብላ እንደምታልፈው ነገረው። ሁልጊዜ የራበው ሰው በእውነት ሲርበው ማን ያምነዋል? ሦስተኛ ወደ ጋሽ አረፋ ሄደ። ጋሽ አረፋ ኩባያውን አሳየው፤ ደርቆ አቧራ ይዟል። የሚያወጣው እድፍ እንደሌለ፣ ባዶ ውሃ እየመታ እንደሚውል፣ ማቆሚያው ግን በእሱ እጅ እንዳልሆነ ነገረው። ከበስተኋላው ጥቁሮቹ ከረጢቶች እኛም ልክ እንደዚያው ነን፣ እንጠጣለን እንጂ በቃ ማለት አልተማርንም አሉ።

የቀረው እሱ ራሱ ነበር። ይህን ከመጀመሪያውም ያውቅ ነበር። ሦስት ቤት የዞረው ላለመሄድ ነው። ያስፈራው መንገዱ አይደለም፤ «ያን ቀን ምን ብለህ ነበር?» መባሉ ነው ያስፈራው።

ጠዋት መውጣት ጀመረ። ከግማሹ በታች ሳለ እግሩ ከዳውና አሸዋው ላይ ወደቀ። እንደገና ጀመረ። ጠርዙ ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው ለሁለተኛ ጊዜ ወደቀ፣ አሁን ግን የወደቀው በጀርባው ነው። ቀንድ አውጣ በጀርባው ከወደቀ መነሣት አይችልም፤ ብዙው የሚሞተው እንደዚያ ሆኖ ነው። እግሩን ወደ ላይ አድርጎ ተጋደመ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለጥቂት ጊዜ ተመቸው። ከእንግዲህ ማንም ምንም አይጠይቀኝም ብሎ አሰበ።

አያ ዓሦ መጥቶ በአፍንጫው ገፋና ገለበጠው። ለእሱ አዝኖ አልነበረም፣ የሚናገርለት ሌላ ስላጣ ነው። «ሂድ እንጂ» አለው፣ «እኔ ብል እሷ አታምነኝም።»

በሦስተኛው ጠርዙ ላይ ደረሰ። ደብሪቱ ቡፌው አጠገብ ተቀምጣ እራቷን ፊቷ አድርጋ ነበር፤ ለብቻዋ ነበረች፣ ብዙም አልበላችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውም ብዙ አልጠራችም። ምግብሽ ገደለን የተባለ ሰው በማን ላይ ደፍሮ በሞቴ ይላል?

«እትዬ ደብሪቱ» አለ አያ ቀንድ አውጣ። ዞረች። «ያን ቀን እመት ኮራል የላከችኝ ትንሽ ይቀንሱልን በል ብላ ነው። ምንም አንፈልግም ያልኩት እኔ ነኝ፣ ምግብዎ ገደለን ያልኩትም እኔ ነኝ። ደክሞኝ ነበር። ምግብዎ መልካም ነው፣ የበዛው ነው የጎዳን። አሁን ርቦናል። እሷ እየሞተች ነው።»

ደብሪቱ ተነሥታ ወደ መስታወቱ ቀረበች። ከስንት ጊዜ በኋላ በደንብ አየች። ፈካች ያለችው ነጭ የሞተ ቅርንጫፍ መሆኑን አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። አያ ቀንድ አውጣ ስድብ ይጠብቅ ነበር፤ እሷ ግን ያልጠበቀውን ነገር ጠየቀችው።

«ትንሽ ማለት ስንት ነው?» አለች።

ስድሳ ዓመት የኖረች ሴት ናት፤ ይህን ጠይቃ አታውቅም ነበር። አያ ቀንድ አውጣም አያውቀውም። እውነቱን ነገራት፤ ልኩን እሱ እንደማያውቅ፣ የምታውቀው የምትበላው እንደሆነች፣ አፏን ስትዘጋ እጅን ማንሣት እንደሚበቃ ነገራት። ሁለት ቅርንጫፎቿ እንደማይመለሱም ነገራት። ደብሪቱ ይህን ስትሰማ ወንበሩ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። «አደራውን በላሁት ማለት ነው» አለች። አያ ቀንድ አውጣ፣ ሁለቱን አብረን በላናቸው፣ ሦስቱ ግን አሉ አላት።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን በቀስታ አደረገችው። ጥቁሮቹን ከረጢቶች ሁለቱን አውጥታ አንዱን ተወችው። ጋሽ አረፋን ቀነሰችው፣ እሱም ለአንድ ጊዜ ሳያጉረመርም ቀረ። ሲሪንጁን ከመሳቢያው አወጣች። ዱቄቱን በጠበጠች፤ ሽሪምፕ አልጨመረችም።

የመጀመሪያውን ጉርሻ ቀስ አድርጋ ረጨች። ለረጅም ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ በሦስተኛው ቅርንጫፍ ላይ አንድ አፍ ተከፈተ፤ ሌላ ተከተለ፣ በአራተኛውም በአምስተኛውም ላይ እያለ ተከፈተ። እመት ኮራል በላች። ደብሪቱ እያለቀሰች ሁለተኛውን ሞላች።

«በቃኝ» አለች እመት ኮራል።

የደብሪቱ እጅ ከውሃው በላይ ቆመ። ከእናቷ የተማረችው፣ ለባሏ ያደረገችው፣ የታወቀችበትም ሁሉ አጎርሺያት ይላታል። ፊት ለፊቷ ያለችው ደግሞ ከአንድ ወር በላይ የተራበች ናት። በዓለም ላይ ለረሃብተኛ ሁለተኛ ጉርሻ የሚከለክል ማን አለ? አያ ቀንድ አውጣ ጠርዙ ላይ ሆኖ እጇን ብቻ ያይ ነበር።

«ይሉኝታ ነው ወይስ እውነት ነው?» አለች ደብሪቱ። ድምፅዋ ልመና ነበር።

«እውነት ነው» አለች እመት ኮራል። «ነገ ደግሞ ይርበኛል። ያን ጊዜ ራበኝ እልዎታለሁ።»

ደብሪቱ እጇን መለሰች። ሲሪንጁን ይዛ ወደ ጓዳ ሄደችና የተሞላውን ጉርሻ ደፋችው። ምግብ ስትደፋ በዕድሜዋ ያ የመጀመሪያ ቀኗ ነበር። ከእሷ ዕድሜ ሁሉ ከባዱ ሥራ ያ ነበር ብላችሁ አልዋሸሁም።

አያ ቀንድ አውጣ ወደ ታች ወረደ። ሁለቱ ነጭ ቅርንጫፎች እንደነበሩ ናቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ በመስታወቱ ጥግ አንዲት ስስ አረንጓዴ ታየች፤ ደከመኝ እያለ ሄደና ሞረዳት። እመት ኮራል ግን ከዚያች ጉርሻ በማግሥቱ ጠዋት፣ ደብሪቱ ገና መጋረጃውን ሳትገልጥ፣ ራበኝ ስትል ሰማት። ቃሉ ከብዷት ነበር፣ ግን አለችው።

እንግዲህ አበው ያላሉትን እኔ ልበል፤ በቃኝ ያለውን የማያምን ቤት፣ ራበኝ ያለውን አይሰማም። ተረቴ ይኸው ነው። እናንተም ለተረት ነጋሪ እንደሚደረገው አፌን በዳቦ ልታብሱ ከሆነ፣ ተዉት፣ በቃኝ። በቃኝ ስል እመኑኝ።